ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ይመጣሉ

ከጎጃም ስመለስ ሰው ሁሉ የጠየቀኝ ስለ ዓባይ በረሃና ስለ ቅቤ ነው። የዓባይን በረሃ እንቅልፍ ወስዶኝ አለፍኩት። የሄድኩት በሁዳዴ ስለነበር ቅቤ በሩቁም አላየሁም። ያየሁትን ግን ልንገራችሁ። አብዛኞቻችሁ ፍኖተ ሰላም ድረስ የሚያስኬድ ጉዳይ አይኖራችሁ ይሆናል፤ እኔ የሄድኩበት ጉዳይ ግን በየሰፈራችን አለ።

አዳማ ውስጥ፣ ባሎቻቸው ለሚደበድቧቸው ሴቶች መጠጊያ በሆነ ቤት እሠራለሁ። አንድ መጠጊያ ቤት ብቻውን ሲጮህ ሰሚ አያገኝም። ስለዚህ በእኛ በኩል ያሉት ቤቶች ተሰባስበን ስለ ሁላችንም የሚናገር አንድ ኅብረት አቋቁመናል። ይህንን የሰማች ወይዘሮ ስንዱ የምትባል ሴት ከፍኖተ ሰላም ደወለችልኝ። ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ማንኩሳ፣ ደምበጫና ፈረስ ቤት በሚባሉት ከተሞች እንደኛ ያሉ አምስት ትንንሽ ቤቶች እንዳሉ ነገረችኝና፣ "አምስታችንም ብቻችንን ነን፤ መጥተሽ አሰባስቢን" አለችኝ። እኔም ልምድ ላካፍል ብዬ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። ልምድ የሚያካፍል ሰው ምን ያህል እንደሚጎርር መቼም ታውቃላችሁ።

ሰኞ አዲስ አበባ አድሬ ማክሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ለአዳማ ሰው የመጀመሪያው ፈተና መስኮት ነው። እኛ ጋ መኪና ውስጥ መስኮት ካልተከፈተ ሰው ያብዳል። እዚያ ደግሞ ጣት በምታህል ክፍተት ብርድ ገባ ተብሎ ከኋላ እስከ ፊት ጩኸት ይነሳል። ከፈትኩ፣ ተዘጋብኝ፣ ደግሜ ከፈትኩ። በመጨረሻ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ አንድም ቃል ሳትተነፍስ ነጠላዋን አውልቃ አንገቴ ላይ ጠመጠመችልኝና መስኮቱን ዘጋችው። ያን ያህል ደግነት ከገጠመኝ በኋላ እንደገና መክፈት አሳፈረኝ። በየኬላው እየወረድን ስንፈተሽና ስንሳፈር ደብረ ማርቆስን አለፍን። ደምበጫ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ሞተሩ አፈላና ቆመ።

ውኃ እስኪመጣ የዋርካ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ነጠላ ያለበሰችኝ ሴትዮ በሶ በኩባያ በጥብጣ ግማሹን ሰጠችኝ። ለምን እንደመጣሁ ጠየቀችኝና ነገርኳት። "ቡሬ፣ እትዬ ጥሩሰው ዘንድ ነዋ" አለችኝ። ደነገጥኩ። የአዳማው ቤታችን ያለበትን ሰፈር አስቤዛ የሚያመጣልን ሾፌር እንኳ አያውቀውም፤ በር ላይ ምልክት የለንም፣ ስልክ የምናነሳው በሌላ ስም ነው። የቡሬውን ቤት ግን ደምበጫ ላይ የተበላሸ አውቶቡስ ውስጥ ያገኘኋት ሴት በስም ታውቀዋለች። ይህንን ማስተካከል አለብኝ ብዬ በልቤ ያዝኩ።

ፍኖተ ሰላም ስንገባ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ሙቀቱ ከጠበቅኩት በላይ ነበር፤ ከአዳማ ሙቀት የሚለየው የማንጎ ዛፍ በየግቢው ስላለው ብቻ ነው። ስንዱ መናኸሪያ ድረስ መጥታ ተቀበለችኝ። ጡረታ የወጣች የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ናት፤ ስትናገር አሁንም ተራ የምትጠራ ይመስላል። ሆቴል ይዤ እንደነበር ስነግራት፣ ቀደም ብላ ደውላ እንደሰረዘችው አስታወቀችኝ። "እንግዳ ሆቴል ካደረ እኔ ነገ በምን ፊቴ ገበያ እወጣለሁ" አለችኝ። ራት ላይ ቡናማ የዳጉሳ እንጀራ በስልጆ ቀረበ። ስልጆ ማለት የባቄላ ዱቄት በሰናፍጭ የሚሠራ፣ አፍንጫን የሚሰነፍጥ የጾም ወጥ ነው። ነጭ ጤፍ የለመደው ሆዴ ሊያንገራግር ፈለገ። በቃኝ ስል ታክላለች፣ ጠገብኩ ስል "በሞቴ" ትላለች፤ በሞቷ ምላ ካጎረሰችኝ በኋላ ደግሞ በልጇ ሞት ትጀምራለች። ያን ሁሉ ልመና እንደ አንድ የምግብ ጣጣ አየሁት እንጂ ሌላ ነገር ይኖረዋል ብዬ አላሰብኩም።

ረቡዕ ከስንዱ ጋር በሚኒባስ ወደ ቡሬ ሄድን። ከማንኩሳ ወዲያ በየደጁ የተሰጣ በርበሬ ያስነጥሳል። የእትዬ ጥሩሰው ቤት ከከተማው ዳር ነው፤ በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ፣ መንገደኛ ሁሉ ጎንበስ ብሎ "እንደምን ዋላችሁ" እያለ የሚያልፈው። ባለቤቷ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል፤ እህል ትነግዳለች። እንደገባን ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ አስቀመጠችኝና እግሬን ልታጥብ ተንበረከከች። በዕድሜ እናቴን የምታክል ሴት ነች። እምቢ አልኩ፣ እግሬን ሰበሰብኩ፣ ለመንኳት። እምቢታዬን እንደ ጨዋነት ቆጠረችውና ጫማዬን አወለቀች። ውኃውን በማንቆርቆሪያ የምታፈስላት አንዲት ወጣት ነበረች፤ አንድ እጇ በሻሽ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። አንጓች ትባላለች።

እግሬ እየታጠበ የቤቱን አሠራር ሰማሁ። በገጠሩ ባሏ የመታት ሴት አኩርፋ አባቷ ቤት ትገባለች። ባል ሽማግሌ ይልካል። አባት ሽማግሌዎቹን አስቀምጦ ነገሩን ያብላላል፣ ይቆጣል፣ ሁለተኛ እጁን ላያነሳ ዋስ ያስጠራል፤ ከመሰለው ይመልሳታል፣ ካልመሰለው አይመልስም። አባት የሌላት ግን የምታኮርፍበት ቤት እንኳ የላትም። እትዬ ጥሩሰው ያደረገችው ነገር ቢኖር ቤቷን የአባት ቤት ማድረግ ነው። ሽማግሌዎቹም ወግ አክብረው በደጇ ይመጣሉ። በሩ የተከፈተው ለዚህ ነው፤ ቤቱ ቢደበቅ ሥራውን መሥራት አይችልም። ላስተካክል ያሰብኩትን ነገር ቀስ ብዬ ዋጥኩት።

ችግሩ አንድ ነው። አባት "ልጄን አልሰጥም" ቢል ያምርበታል። ባሏ የሞተባት ብቸኛ ሴት ሦስት ሽማግሌ ከፊቷ ቆሞ ሲለምናት እምቢ ማለት አይሆንላትም። አንጓች ባለፈው ዓመት ከዚሁ ቤት በሽምግልና ተመልሳ ነበር፤ ዋስ የሆነው የባሏ አጎት ነው። አሁን ክንዷ ተሰብሮ መጣች። ሽማግሌዎቹም ለቅዳሜ ቀጥረዋል።

እትዬ ጥሩሰው ከብቶቿን ውኃ ልታጠጣ ስትወጣ አንጓችን ምን እንደምታስብ ጠየቅኳት። የሦስት ዓመት ልጇ ከባሏ እናት ዘንድ ቀርታለች። ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ፣ "ከተመለስኩ ልጄን አያለሁ፣ ግን ይገለኛል። ካልተመለስኩ እተርፋለሁ፣ ልጄን ግን አላያትም" አለችኝ። አዳማ ቢሆን ኖሮ የምለው ብዙ ነገር ነበረኝ።

ስንመለስ ስንዱ መንገዱን ሙሉ ተናደደች። የእሷ የፍኖተ ሰላም ቤት ሽማግሌ በአጠገቡ አያልፍም፤ ክስ ይመሠረታል፣ ፖሊስ ይጠራል፣ በቃ። ከጥሩሰው ጋር ለዓመታት የተኳረፉትም በዚህ ነው፤ ያን ቀን እንኳ ደጇን የረገጠችው እኔን ልታደርስ ብላ ነው። ስንዱ ጥሩሰውን፣ ገዳዮችን በጠላ ታስተናግዳለች ትላታለች፤ ጥሩሰው ደግሞ ስንዱን፣ ወረቀት እንጂ ሰው አታውቅም ትላታለች። እንዲህ ያሉ ሁለት ሴቶችን በአንድ ኅብረት ውስጥ አስቀምጣለሁ ብዬ ነው እንግዲህ ከአዳማ የመጣሁት። ሐሙስን በማንኩሳ ዙሪያ ዋልኩ። የማንኩሳው ቤት ኃላፊ ዐርብ ለጠራነው የአምስቱ ቤቶች ስብሰባ እንድትመጣ ለማግባባት ብዬ ነበር የሄድኩት፤ እሷ ግን ገና ከመድረሴ እመጣለሁ አለችኝና የቀረውን ቀን በዘመዶቿ ቤት ሁሉ እያዞረች ሸንኮራ ስታስበላኝ ዋለች። ጥርሴ እስካሁን ያመኛል።

ዐርብ ጠዋት በስንዱ ግቢ፣ በማንጎው ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። ከፈረስ ቤት የመጣችው ነርስ ከዋዜማው ጀምራ በእግርም በአይሱዙም ስትጓዝ ነው ያደረችው። ከቡሬ ከእትዬ ጥሩሰው ጋር ወይዘሮ ዘሃራ የምትባል የጨርቅ ነጋዴ መጥታለች፤ የቡሬው ቤት የሚተዳደረው በሁለቱ ነው። ዘሃራ ሙስሊም ናት፤ ግን እኛ እንደምንጾም አስባ፣ ቅባት ነክቶት በማያውቅ አዲስ ድስት የምስር ወጥ ሠርታልን መጣች። ድስቱን ለዚሁ ብላ እንደገዛችው የነገረችኝ እሷ ሳትሆን ጥሩሰው ናት።

የማቋቋሙ ነገር በቀላሉ ሄደ። አንድ ኅብረት እንዲኖር፣ በዞኑ ፊት ስለ አምስቱም እንዲናገር፣ አንዱ ቤት ሴት ማቆየት ሲከብደው ሌላው እንዲቀበል ተስማማን። የቀረው ሰብሳቢ መምረጥ ነው። የደምበጫዋ ተወካይ እትዬ ጥሩሰውን ጠቆመች። ጥሩሰው ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳችና፣ ያልተማርኩ ሴት ነኝ፣ ይኸ ለእኔ አይገባም፣ ሌላ ፈልጉ አለች። እኔም "እሺ፣ እናመሰግናለን። ሌላ ጥቆማ?" አልኩ። ስንዱ ተጠቆመች፤ አርጅቻለሁ አለች። "እሺ።" ነርሷ ሩቅ ነኝ አለች። "እሺ።" የማንኩሳዋም፣ የደምበጫዋም፣ ዘሃራም እንደዚያው። ከአፌ "እሺ" ባለቀ ቁጥር ግቢው እየቀዘቀዘ መሄዱ ታውቆኛል፤ ምክንያቱን ግን አላወቅኩም። በመጨረሻ ፈቃደኛ ካልተገኘ ኅብረቱን ማቋቋም እንደማንችል በኀዘን ገለጽኩ። ሴቶቹ ዣንጥላቸውን መፈለግ ጀመሩ። ጥሩሰው ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራለች። ነገ ቅዳሜ ነው።

ዘሃራ ክንዴን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ።

"እህቴ" አለችኝ፣ "ምሳ ስትጋበዢ አንዴ በቃኝ ብትይ ሳህኑን ያነሱብሻል?"

እንደማያነሱብኝማ በሆዴ አውቀዋለሁ።

"ሹመትም እንደዚያው ነው። ተጠርቶ ዘሎ የሚነሳን ሰው እዚህ አገር ማን ይሰማዋል? እምቢ ያለችው እንድትለመን ነው። አንቺ ገና አፏን ሳትዘጋ እሺ ብለሽ አዋረድሻት። ያውም ሁላችንንም በየተራ።"

የምገባበት ጠፋኝ። እኛ ጋ ሰብሳቢ መሆን የሚፈልግ ሰው እጁን ያወጣል፣ ሲመረጥ ደስ ይለዋል፤ አይ ካለም አይ ነው፣ ሥራ ይቀጥላል። እዚህ ግን ሳልለምን ያለፍኩት እያንዳንዱ ሰው፣ አትጠቅሚም የተባለ ያህል ተሰምቶት ነበር። ተመልሼ እትዬ ጥሩሰው ጉልበት ላይ ወደቅሁና ይቅርታ ጠየቅኩ፤ አገሬ ለምኖ መሾም የለም፣ አለማወቅ ነው አልኳት። መጀመሪያ የሳቀችው ነርሷ ናት። ከዚያ ሁሉም ሳቁና ዣንጥላዎቹ ተቀመጡ።

እንደገና ጀመርን። ይህኛው ምርጫ ከጧቱ ጋር አይገናኝም። ሁሉም ተነስተው ጥሩሰውን ከበቧት። አፈር ስሆን ይላሉ፣ በሞቴ ይላሉ፣ እኔም እያልኩ ነው። እሷ ግን ሦስተኛውንም ልመና እምቢ አለች። ከዚያ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ።

"ይኸኛው እምቢታ የእውነቴን ነው" አለች። "ሲያመኝ የሚጠይቁኝ፣ ስሞትም የሚቀብሩኝ እኒያው ሽማግሎች ናቸው። በእኔ አፍ እምቢ ልላቸው አልችልም። 'ማኅበሩ አልፈቀደም' የምልበት ሰው ስጡኝ።" ከዚያ ከዓመታት ኩርፊያ በኋላ ወደ ስንዱ ዞረች። "ስንድዬ፣ በሞቴ አንቺ ሁኚልኝ።"

ስንዱ ከሽማግሌ ጋር እንደማትቀመጥ፣ ሕግ እያለ ሽምግልና ብሎ ነገር እንደማታውቅ ተናገረች። የተናገረችው ግን በዚያ በችሎት ድምጿ አልነበረም።

"ሕጉ ፍኖተ ሰላም ነው ያለ" አለች ጥሩሰው። "ሽማግሎቹ ግን ነገ እደጄ ናቸው።"

ስንዱ መሬት መሬቱን እያየች ብዙ ቆየች። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን መዝጋት ቻልኩ። በመጨረሻ ቀና ብላ "ስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?" አለች። እሺ ማለቷ እንደሆነ ዘሃራ እልል ስትል ነው የገባኝ። ሰብሳቢ የሚለውን ቃል ማንም አልወደደውም፤ የጽዋ ማኅበር መሪ እንደሚጠራው ሙሴ ትባል አሉ። ዘሃራን አየናት። ሙሳ የእኛም ነቢይ ነው፣ ምን ቸገረኝ አለች። ምስሩን በላን። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ ምስር አልቀመስኩም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቡሬ ነበርን። አምስቱም ቤቶች ሰው ልከዋል። ሴቶቹ በመደቡ ላይ በአንድ ወገን ተቀመጡ፣ አንጓች ከበሩ ጥግ፣ እኔ ከእሷ አጠገብ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ ጋቢያቸው የጸዳ፣ ጭራ የያዙ። ባልየው፣ አለሙ፣ በወጉ መሠረት ከአጥሩ ውጭ ቆሟል። ታላቅየው አያ ሞላ ይባላሉ፤ ፊታቸው ክፉ ሰው አይመስልም፣ ይህም አስከፋኝ፤ ክፉ ቢመስሉ ይቀለኝ ነበር። ጠላ ተቀዳላቸው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማዳበሪያው ተወራ። ከዚያ አያ ሞላ ወደ ጥሩሰው ተመለከቱና፣ የአለሙ ሚስት ቤቷ እንደሚጠብቃት፣ የሆነውም በሰይጣን አሳሳችነት እንደሆነ፣ ዋስም እንዳዘጋጁ ለስለስ አድርገው ተናገሩ። ደጋግመው የአለሙ ሚስት አሉ። አንጓች ከበሩ ጥግ ሆና ትሰማለች።

"ዋሱ ማን ነው?" አለች ስንዱ።

"ያው የቀድሞው፣ አጎቱ ነው።"

"የቀድሞው ዋስ ክንዷ ሲሰበር የት ነበር?"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጠላውን አስቀመጠ። አያ ሞላ ስንዱን ትኩር ብለው አዩዋትና፣ ማን እንደሆነች ጠየቋት፤ ነገሩ የሁለት ቤት ነገር ነው አሏት።

ስንዱ ተነሳች። "የማኅበሩ ሙሴ ነኝ። አምስት ቤቶች ነን፣ ሁላችንም እዚህ ነን። ከአምስቱ አንዱም በዚህ ዋስ አይመልሳትም።"

"ጥሩሰው፣ አንቺም እንደዚህ ነው የምትይ?"

ጥሩሰው ዓይኗን ዝቅ እንዳደረገች፣ "አያ፣ እኔ ማኅበርተኛ ነኝ። ማኅበሩ ካለው አልወጣም" አለቻቸው። ያችን አንዲት ቃል ለማለት ስንት ዓመት እንደጠበቀች አሰብኩ።

ያለቀ መስሎኝ ነበር። ስንዱ ግን አልተቀመጠችም። እንዲህ ባለ ሽምግልና ሴቲቱ አትጠየቅም፤ ስለ እሷ የሚናገረው አባት ነው፣ እዚህም ቤት ስለ እሷ የምትናገረው ጥሩሰው ነበረች። ስንዱ ወደ በሩ ጥግ አመለከተችና "አሁን እሷን ጠይቋት" አለች።

አያ ሞላ ጥቂት አመነቱ። ከዚያ መላ ሰውነታቸውን ወደ አንጓች አዞሩ። "ልጄ፣ ምን ይሻልሻል?"

አንጓች ቀና ብላ አየቻቸው። "አልመለስም" አለች። "ልጄን ስጡኝ።"

አያ ሞላ ሌሎቹን አስቀምጠው ብቻቸውን ወጡ። ከአጥሩ ውጭ የባልየው ድምፅ ከፍ ሲል፣ የእሳቸው ድምፅ ከዚያ በላይ ከፍ ሲል፣ ከዚያም ሁለቱም ዝቅ ሲሉ ሰማን። ማንም ጠላውን አልነካም። እሳቸው ሲመለሱ ላብ አጥምቋቸዋል። የተላኩት ለማስታረቅ ነበር፤ ተመልሰው የመጡት ግን የእሷን መልእክት አድርሰው ነው። ልጅቱን ነገ ከቅዳሴ በኋላ እሳቸው ራሳቸው በበቅሎ ይዘዋት እንደሚመጡ፣ የቀረውን ነገር ፍርድ ቤት እንደሚያየው ተናገሩ። ጭራቸውን አንስተው ሊሄዱ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙና ወደ ሴቶቹ ዞሩ።

"ልጅቱን ስናመጣ ለማን ነው የምናስረክብ? ለጥሩሰው ነው ወይስ ለሙሴዪቱ?"

ስንዱና ጥሩሰው እኩል አፋቸውን ከፈቱ። አንጓች ቀደመቻቸው።

"ለእኔ" አለች። "አንጓች ብላችሁ ጠይቁ።"